የማንኪያው ጀርባ ላይ ያለው ዓመት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አሮጌ የቤት ዕቃዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ስታችኋል። ጀርባው ላይ 1847 የሚል ምልክት ያለበት ማንኪያ በዚያው ዓመት የተሠራ ነው ብላችኋል። አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አልፈርድባችሁም፤ እኔም ተሸውጄበታለሁ። የመጀመሪያዋ ማንኪያዬ ጀርባ ላይ «1847 ሮጀርስ ብሮስ» ይላል። የሙዚየም ዕቃ እጄ የገባ መስሎኝ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ሳሳይ ከረምኩ። በኋላ በማጉያ መነጽር ጠጋ ብዬ ሳያት፣ ከስሙ ቀጥሎ «አይ ኤስ» የሚሉ ሁለት ደቃቅ ፊደላት አሉ። ኢንተርናሽናል ሲልቨር ማለት ነው። ይህ ኩባንያ የተቋቋመው ደግሞ በ1898 ነው! ገና ያልተወለደ እንዴት ይፈርማል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊልያም፣ አሳና ሲሜዮን ሮጀርስ የሚባሉ ወንድማማቾች በአሜሪካ፣ ኮኔቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ ከተማ ብር ቅብ ማንኪያ ለገበያ ያወጡት በ1847 ነው። በኤሌክትሪክ ብር መቀባት ያኔ አዲስ ነገር ነበር። የእንግሊዝ፣ በርሚንግሃሙ ዕቃ አምራች ኤልኪንግተን የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1840 ነበርና። የሮጀርስ ስም ገበያ ሳበ። በ1862 ሜሪደን ብሪታኒያ የተባለው ኩባንያ ስሙን ወሰደው። እሱም በ1898 ከሌሎች ብር ሠሪዎች ጋር ተዋህዶ ኢንተርናሽናል ሲልቨር ሆነ። ባለቤቱ ሲቀያየር 1847 ግን ከማንኪያው ጀርባ አልወረደም። የንግድ ምልክት ነዋ!

ደግሞ «የብር ማንኪያ» ብላችኋል። ብሩ ላዩ ላይ ብቻ ነው። ከሥር ያለው ብዙ ጊዜ ኒኬል ሲልቨር የሚባለው ነው፤ ስሙን አትመኑት፣ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ እንጂ ጠብታ ብር የለበትም። ይህን ያስተማረኝ የገዛ ስህተቴ ነው። በ1939 ለኒውዮርኩ የዓለም ኤግዚቢሽን የወጣች የማስታወሻ ማንኪያ አለችኝ። እጀታዋ ላይ የኤግዚቢሽኑ ሹል ማማና ግዙፍ ድቡልቡል ሕንፃ ተቀርጸዋል። ጠቁራብኝ በጥርስ ሳሙና ፈተግኋት። አበራች፤ ደስ አለኝ፤ ጨመርኩ። ድቡልቡሏ መሀል ላይ ብሩ ተልጦ ከሥር ያለው ቢጫማ ብረት ብቅ አለ። አሁን ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው የማስነካት። ለነገሩ፣ የቅርጹ ስርጉድ ውስጥ ያለው ጥቁረት ነው ምስሉን የሚያጎላው፤ እሱን ማጥፋት ራሱ ጥፋት ነው።

የማስታወሻ ማንኪያን ወረርሽኝ ያደረገችው ግን ብር ቅብ አልነበረችም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዳንኤል ሎው የተባለ የአሜሪካዋ ሴለም ከተማ ጌጣጌጥ ነጋዴ መጥረጊያ የያዘች ጠንቋይ ያለባት የንጹሕ ብር ማንኪያ አወጣ። ሴለም ሰዎች ጠንቋይ ናችሁ ተብለው በተገደሉበት በ1692ቱ የጠንቋዮች ችሎት የምትታወቅ ከተማ ናት። በዚያ መዓት መነገዱ እስካሁን ይገርመኛል፤ ማንኪያዋን ባገኛት ግን አልለቃትም።

እርማቱን ስታወጡ እባካችሁ «ዋጋ የለውም» እንዳትሉ። ያቺ የመጀመሪያዋ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ ፊት ላይ ናት። ካርዷን ብቻ ነው የቀየርኩት፤ «ከ1898 በኋላ» ይላል።

አክባሪያችሁ፣
ማንኪያ ሰብሳቢው አንባቢ