ከቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ለአባቴ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የጉልበትዎ ሕመም በዚህ ብርድ እንዴት አድርጎዎታል? እኔና ልጆቹ የእግዚአብሔር ስም የተመሰገነ ይሁን፣ ከእርስዎና ከእማዬ ናፍቆት በስተቀር ደኅና ነን። በስልክ ስንነጋገር ጆሮዎ ግማሹን እየሳተ ስለሚያስቸግርዎ፣ የጠየቁኝን ሁሉ ተረጋግቼ በጽሑፍ ብመልስልዎ ይሻላል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። መነጽርዎን አድርገው ቀስ ብለው ያንብቡት።

ጥያቄዎ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ በወጣትነትዎ በሐረር ሜዳ የአየር ኃይል ሰፈር የአውሮፕላን መካኒክ ሆነው ሲያገለግሉ የሚያውቋቸው የደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ሐይቆች እንደ ድሮው አሉ ወይስ አጥር ውጧቸዋል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ወንድሜ ጨለለቃ አጠገብ አግኝቼልዎታለሁ ያለውን ቤት ገዝተው ቀሪ ዘመንዎን ውኃ ዳር ቢያሳልፉ ምን ይመስለኛል የሚል ነው። ሁለተኛውን መልስ አሁን ብነግርዎ ወንድሜን የተቃወምኩ ብቻ ስለሚመስል፣ በመጀመሪያው ልጀምርና ምክንያቴን እግረ መንገዴን ላስረዳዎ። የባዮሎጂ መምህርነቴ ስለማይለቀኝ ነገሩን ባስረዝመው ይቅር ይበሉኝ።

ሐይቆቹ አሉ፤ ከተማዋ ግን እርስዎ ትተዋት የሄዱት አይደለችም። ቅዳሜና እሑድ የአዲስ አበባ ሰው በፈጣኑ መንገድ እየመጣ ይሞላታል፤ ሰርጉም፣ የመሥሪያ ቤት ስብሰባውም፣ የጫጉላ ሽርሽሩም እዚህ ሆኗል። ከዚያ ሁሉ እንግዳ የሚበዛው ግን ሐይቅ አየሁ ብሎ የሚመለሰው ከሐይቁ ይልቅ ሐይቁ ፊት የተተከለውን የአትክልት ስፍራ አይቶ ነው። ቡጌንቪሊያው በአጥሩ ላይ ይወርዳል፣ ዘንባባው በመስመር ቆሟል፣ ሣሩ ተከርክሞ እስከ ውኃው ጫፍ ወርዷል፤ ውኃው ለፎቶግራፍ ከኋላ ይገባል። አልዋሽዎትም፣ እኔም እንግዳ ሲመጣብኝ እዚያ ወስጄ ቡና አጠጥቻለሁ፤ ደስ የሚል ቦታ ነው። ሆኖም የአንድ ሲኒ ቡና ዋጋው ጡረተኛን የሚያስደነግጥ ስለሆነ፣ በየቀኑ ወጥተው የሚቀመጡበት ቦታ ሊሆን እንደማይችል ከወዲሁ ይወቁት።

ከሁሉ የሚያምረው እስከ ዛሬም የቢሾፍቱ ሐይቅ ነው፤ እርስዎም በእረፍት ቀንዎ ከገደሉ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ይመለከቱት እንደነበር ሲያወሩን ሰምቻለሁ። ጥልቀቱ ወደ 87 ሜትር ይደርሳል። ይህን ያህል ትንሽ ሐይቅ ይህን ያህል የጠለቀበት ምክንያት አፈጣጠሩ ነው። ከምድር ውስጥ የወጣው የቀለጠ ዓለት በከርሰ ምድር ውኃ ላይ ሲደርስ ውኃው በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ፣ ማስተንፈሻው የተደፈነ ቦይለር እንደሚፈነዳ ሁሉ መሬቱን ፈንድቶ ከፈተው። የተወረወረው አመድና ድንጋይ በዙሪያው ተከምሮ ጠርዝ ሆነ፤ ጉድጓዱንም ከጊዜ በኋላ የከርሰ ምድር ውኃና ዝናብ ሞሉት። ሆራና ባቦጋያም የተፈጠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ለዚህ ነው ዳራቸው ገደል የሆነው፤ ገደሉም ከብዙ ነገር ጠብቋቸዋል። ገደል ላይ ማሳ አይታረስም፣ ቤትም በቀላሉ አይሠራም፤ ግራርና ቁጥቋጦ በቅሎበት አፈሩን ይዞ ይቆያል፣ ወፎችም ጎጆአቸውን ይሠሩበታል።

እነዚህ ሐይቆች በወንዝ የሚወጣ ውኃ የላቸውም። ውኃው በትነት ይቀንሳል፣ ጨውና ሶዳው ግን አብሮ አይተንም። ስለዚህ የገባባቸው ነገር ሁሉ፣ የጎርፍ አፈርም ይሁን ማዳበሪያ ወይም የሳሙና እጣቢ፣ እዚያው ይቀራል። የአትክልት ስፍራዎቹን የማማበት ምክንያት ይህ ነው እንጂ ውበት ጠልቼ አይደለም። ሣሩ በበጋ እንዳይደርቅ ሳያቋርጡ ያጠጡታል፤ እንዲለመልም ማዳበሪያ ይጨመርለታል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከማዳበሪያው የተረፈው ቁልቁል ይወርዳል። በዚያው ስፍራ ሾላና ግራር፣ ከሥራቸውም የአገሩ ቁጥቋጦ ቢተከል ውኃ ካልጠጣሁ አይልም፣ ተዳፋቱንም ይይዛል፣ ጥላውም ከዘንባባ ጥላ ይሻላል። አንዳንድ ባለ ቤቶች ይህ ገብቷቸው የነበረውን ዛፍ ሳይቆርጡ ወንበራቸውን ከሥሩ አድርገዋል፤ እንዲህ ያለ ቦታ ሳገኝ ዋጋውም ብዙ አይከብደኝም።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ሌላ ነገር ይሆናል። የላይኛው ውኃ ሲቀዘቅዝ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከታች ተኝቶ ኦክስጅን ያጣው ውኃ ደግሞ ወደ ላይ ይመጣል። በዚህ ሰበብ በአንዳንድ ዓመት ዓሦች በብዛት ሞተው ዳር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ሰውም ሐይቁ ውስጥ መርዝ ተጣለ ብሎ ይጠረጥራል። የተፈጥሮ ሥርዓት ቢሆንም፣ ከላይ የሚወርደው ማዳበሪያና ቆሻሻ በበዛ ቁጥር ከሥር የሚበሰብሰው ስለሚጨምር ጉዳቱ እየከፋ መሄዱ አይቀርም። የሚገርምዎት ደግሞ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ራሱ የእነዚህ ሐይቆች ተወላጅ አይደለም፤ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀ ነው።

ሆራን ገደሉ ብቻ ሳይሆን እምነትም ጠብቆታል ብል ማጋነን አይመስለኝም። ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሑድ የኢሬቻ በዓል በሆራ አርሰዲ ዳር ይከበራል፤ ሕዝቡም ከየአቅጣጫው ነጭ ለብሶ፣ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ፈጣሪውን ለማመስገን ይወርዳል። እርስዎ በነበሩበት ዘመን የነበረውን ከአሁኑ ጋር ማወዳደር አይቻልም፤ ዛሬ በዕለቱ ከተማው ራሱ ሰው መያዝ ያቅተዋል። በሌላው ጊዜ ግን ስፍራው ጸጥ ያለ ነው፤ በመግቢያው ትንሽ ክፍያ አለ፣ ጀልባም ይከራያል። ቁልቁለቱ ግን ለጉልበትዎ አይሆንም።

ባቦጋያን በቅርብ ለማየት ዳሩን ይዘው ከተሠሩት መኖሪያ ቤቶችና ማረፊያዎች በአንዱ በኩል ማለፍ ያስፈልጋል። ኩሪፍቱ ከሌሎቹ ይልቅ ጥልቀት የለውም፣ ዳሩም ለጥ ያለ ስለሆነ መዝናኛው በዝቶበታል፤ ልጆቹ ይወዱታል፣ ለእርስዎ ግን ጫጫታው ይበዛብዎታል። አጥር ውጧቸዋል ወይ ላሉኝ መልሴ እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ በኩል በአብዛኛው አዎን ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ ያስታውሱት እንደሆነ አላውቅም። ውኃው ሶዳማ ስለሆነ በዓይን የማይታይ ስፒሩሊና የሚባል ነገር በብዛት ይራባበታል፤ ቀለሙን የሚሰጠውም እርሱ ነው። ፍላሚንጎዎች የሚመጡት ያንን እያጠለሉ ለመብላት ነው። ኪሎሌ የሚባለው ሐይቅም እንደዚሁ አረንጓዴ ነበር፤ ለመስኖ ተብሎ የሞጆ ወንዝ ውኃ ወደ ውስጡ እንዲገባ በተደረገ ጊዜ ግን ሶዳው ቀጠነ፣ ስፒሩሊናውም ጠፋ፣ ሐይቁም ተራ የወንዝ ውኃ የሚመስል ሆነ። ንጹሕ ውኃ በመጨመር ሐይቅን መለወጥ እንደሚቻል ለተማሪዎቼ ስነግራቸው መጀመሪያ አያምኑኝም፤ ሐይቅ የሚበላሸው በቆሻሻ ብቻ ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ ጨለለቃ ልምጣ። እርስዎ የሚያውቁት በወፎቹ ነው፤ ወፎቹ ዛሬም ይመጣሉ። በአውሮፓ ክረምት ሲገባ የሚሰደዱት ዳክዬዎችና ሌሎች የውኃ ወፎች እዚህ ይከርማሉ፤ ፔሊካንና ፍላሚንጎም ይታያሉ። ጨለለቃ ግን ገደል የለውም፣ ጥልቀትም የለውም። ክረምት ሲመጣ ሜዳው ላይ ተንጣልሎ ይሰፋል፣ በጋ ሲገፋ ይሸሻል። ሲሸሽ ባዶ የሚተወው መሬት ላየው ሰው ሁሉ ባለቤት የሌለው ይመስለዋል፤ አንዱ ከብት ያሰማራበታል፣ አንዱ ያርሰዋል፣ አንዱ ጥራጊ ይደፋበታል፣ ሌላው የቤት ቦታ አድርጎ ያየዋል። ማንም የአትክልት ስፍራ ሠርቶ ሊሸልመው ያልፈለገው ይህ ረግረግ፣ በእኔ ፍርድ ከከተማው ውኃዎች ሁሉ የበለጠ ሕይወት ያለበት ነው፤ የሚከራከርለት ሰው ግን ከሁሉ ያነሰ ነው።

ወንድሜ ያገኘውን ቤት ሄጄ አይቼዋለሁ። ዋጋው የረከሰው ያለ ምክንያት አይደለም። አፈሩ መረሬ ነው፤ ክረምት አብጦ በጋ ስለሚሰነጠቅ፣ መሠረቱ በደንብ ያልጠለቀ ቤት ግድግዳው አብሮት ይሰነጠቃል፤ በዚያ ቤት ጓዳ በኩልም ስንጥቁ በኖራ ተለብጦ አይቻለሁ። ውኃው በደንብ በሞላ ዓመት የት ድረስ እንደሚመጣ ጎረቤቶችን ስጠይቅ፣ አንዲት እናት የበራቸውን ደፍ አሳዩኝ። ክረምት ሲወጣ ትንኙ ይበዛል፤ አካባቢው የወባ ስጋት ስላለበት በእርስዎ ዕድሜ ይህን ቀላል ነገር ነው ልል አልችልም። ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ፣ የወፎቹ መዋያ ላይ ቤት ይዘው ወፎቹን ለማየት መቀመጥ ለራስዎም የሚዋጥልዎት አይመስለኝም። ስለዚህ አይግዙት። ለወንድሜ እኔ ራሴ በደንብ አስረዳዋለሁ፤ ለእርስዎ ተጨንቆ ያደረገው ስለሆነ እንዳይቆጡት አደራ።

በምትኩ የማቀርብልዎት ይህ ነው። የእኔ ቤት ጠባብ ቢሆንም የፊት ለፊቱ ክፍል ደረጃ የለውም፣ መታጠቢያ ቤቱም ቅርብ ነው። ከእኛ በር እስከ ቢሾፍቱ ሐይቅ ጠርዝ ያለው መንገድ ሜዳ ስለሆነ በምርኩዝዎ ቀስ እያሉ ይደርሱበታል፤ እዚያም የመግቢያ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሰማዩ በጠራ ጠዋት ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲያዩ ዝቋላ ይታያል፤ በየወሩ በአምስት የሚዘክሯቸውን አቦን ከዚህ ሆነው ይሳለማሉ። እርሱም ጫፉ ላይ እንደነዚህ ያለ ሐይቅ እንዳለው ያውቃሉ፤ መነኮሳቱ ስለሚያከብሩት አጥር ሳያስፈልገው ኖሯል። ከጠርዙ ላይ ለመቀመጥ ቀላል ታጣፊ ወንበር ገዝቼልዎታለሁ።

የሚመጡበትን ጊዜ በተመለከተ፣ ከጥምቀት በፊት ባይሆን እመርጣለሁ፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ የዓሣው ነገርም ያጋጠመ እንደሆነ ሽታው ያስቸግራል። የካቲት ከገባ በኋላ ግን አየሩ ይስማማዎታል፤ ጨለለቃም ገና ጨርሶ ስለማይደርቅ በባጃጅ ወስጄ ወፎቹን ከመንገዱ ላይ አሳይዎታለሁ። አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽርዎን ይዘው ይምጡ፤ የጉልበትዎን መድኃኒትና የመጨረሻውን የሐኪም ወረቀትም እንዳይረሱ። ከአዲስ አበባ ወንድሜ እንዲያመጣዎ እነግረዋለሁ። እማዬ አብራ መምጣት ከቻለች እሰየው፤ ካልቻለች ግን ማን እንደሚቆይላት አስቀድመን እንነጋገር። ለአክስቴና ለጎረቤቶች ሁሉ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከቢሾፍቱ