የሥራ ሰዓቱ ይቀያየር፤ ግን ተጽፎ ይቀያየር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ሥራ ሰዓት በየጊዜው የሚደረገውን ክርክር ስከታተል ተናጋሪዎቹን በሁለት ወገን ተሰልፈው አገኛቸዋለሁ። አንደኛው ወገን የመንግሥት ሠራተኛ ሰዓት አያከብርም፣ ስለዚህ በጣት አሻራ መሣሪያና በደመወዝ ቅጣት መታረም አለበት ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ሠራተኛው ሥራውን እስከ ሠራ ድረስ መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ ተብሎ መጠየቅ የለበትም፣ ዘመኑ የሚጠይቀው ተለዋዋጭ የሥራ ሰዓት ነው ይላል። በምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች ለረጅም ጊዜ በመንግሥት ሥራ ያገለገልሁ፣ ዛሬም በደብረ ማርቆስ የምኖር ሰው እንደ መሆኔ፣ ሁለቱም ወገኖች ባለጉዳዩን የዘነጉት ይመስለኛል። ጎሕ ሳይቀድ ከገጠር ቀበሌው ተነሥቶ ወደ ወረዳ ከተማ የሚመጣው ገበሬ በዚህ ክርክር ውስጥ ቦታ ካልተሰጠው፣ ቅጣቱም ሆነ ነፃነቱ ለእርሱ የሚያመጣለት ለውጥ የለም።

በወረቀት ላይ ያለው ሰዓት ለማንም የተሰወረ አይደለም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የሠራተኛው መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር፤ እኛም በየቢሮው የለመድነው ሰዓት ከዚሁ ጋር የሚገጥም ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት በኋላ ከ7፡30 እስከ 11፡30፣ ዓርብ ደግሞ ጠዋት እስከ 5፡30 ብቻ ተሠርቶ ከሰዓት በኋላ እንደ ሌሎቹ ቀናት ሲቀጠል፣ ድምሩ ልክ 39 ሰዓት ይሆናል።

በተግባር ያለው ሰዓት ግን ሌላ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ከአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የቆመ ሰው፣ ገና 1፡30 ሳይሆን አግዳሚው በባለጉዳይ ሞልቶ ያያል። ሽማግሌው ጋቢውን ተከናንቦ፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩን እርጥበት እንዳያገኘው በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ተቀምጧል። 2፡30 ላይ በሩን የምትከፍተው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ወደ 3፡00 ገደማ ባለሙያው ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ኮቱን በወንበሩ ላይ ሰቅሎ ለቁርስ ይወጣል፤ ኮቱን ያየ ሁሉ ሰውየው እዚሁ አካባቢ ነው ብሎ ይጠብቃል። እውነተኛው ሥራ 4፡00 አካባቢ ይጀመራል። ከዚያም ጉዳዩ አልቆ ማኅተም ብቻ ሲቀረው፣ ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ይባላል፤ ወይም መስክ ወጥቷል ይባላል። ከ6፡00 በኋላ መልሱ «ከሰዓት ተመለስ» ነው። ወደ ቀበሌው የሚመለሰው የመጨረሻ መኪና ደግሞ የ11፡30ን መውጫ አይጠብቅለትም። ስለዚህ ለዚህ ሰው በተግባር ክፍት የሆነው ቢሮ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ ነው።

ይህ እንግዲህ ተለዋዋጭ የሥራ ሰዓት አይደለምን? ነው እንጂ። ልዩነቱ አለመጻፉና ወደ አንድ ወገን ብቻ ማጋደሉ ነው። ሠራተኛው የወሰደውን ሰዓት ማንም አይመዘግብበትም፣ መልሶም አይከፍለውም፤ ዕዳው ሁሉ በአግዳሚው ላይ በተቀመጠው ሰው ላይ ይወድቃል። ዕዳው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ በሐምሌ፣ በጤፍ እርሻ ወቅት የመጣውን ገበሬ ማሰብ ይበቃል። አንድ በሬ ብቻ ያለውና ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ የሚያርስ ሰው ቀኑን ቢሮ ሲያሳልፍ፣ መቀናጆ የሆነው ጎረቤቱም አብሮ ሥራ ይፈታል። «ነገ ተመለስ» የምትለው ቃል ሁለት ቤተሰብ ሥራ ታስፈታለች ማለት ነው። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ ደግሞ፣ ነገ መመለስ ይቻል እንደሆነ ራሱ ሰውየው አያውቅም።

ይህን ሁሉ «የሐበሻ ቀጠሮ» በሚል አንድ አባባል ጠቅልሎ የሕዝቡ ጠባይ ነው ማለት የተለመደ ሆኗል። እኔ ይህን አልቀበልም። የጎጃም ገበሬ ሰዓት የማያውቅ ሰው አይደለም። ያደገበት ቤተ ክርስቲያን ቀኑንና ሌሊቱን ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት በሰባት የጸሎት ጊዜያት ከፍሎ የሚኖር ነው፤ ቅዳሴ የሚገባው ሰው ሰዓቱን ለማወቅ የጣት አሻራ አላስፈለገውም። እድሩም ለቀብር የቀረውንና ያረፈደውን በስም ጠርቶ ይቀጣል፤ ቅጣቱንም ሰው ሳያጉረመርም ይከፍላል፣ ምክንያቱም ሕጉ በአባላቱ ፊት የወጣና ከዳኛው ጀምሮ ሁሉንም እኩል የሚይዝ ነው። እንግዲህ በእድሩ ሰዓት የሚያከብረው ሰው የቢሮ ሠራተኛ ሲሆን የሚያረፍደው ጠባዩ ተለውጦ አይደለም። እድሩ ዘንድ ማርፈዱ ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ሰው ፊት ያሳፍራል፤ ቢሮው ዘንድ ደግሞ አለቃው ራሱ ለ2፡30 የጠራውን ስብሰባ 4፡00 ላይ ይጀምራል።

ተለዋዋጭ የሥራ ሰዓት እንዴት መሆን እንዳለበት ደግሞ ከራሳችን ወንፈል የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። በወንፈል ቀኑ ይቀያየራል፤ ዛሬ የእኔ ማሳ ይታጨዳል፣ ከነገ ወዲያ የአንተ፣ ሐዘን ወይም ሕመም ከገጠመህም ወደ ሌላ ሳምንት ይተላለፋል። ነገር ግን የተሠራው ቀን በቀን ይመለሳል፣ ማን የማን ቀን እንዳለበት የማያውቅ የለም፣ ጀንበር ስትወጣ ማሳው ላይ መገኘትም ግዴታ ነው። ቀኑ ሲተጣጠፍ ቃሉ ግን አይተጣጠፍም። ተለዋዋጭ የሥራ ሰዓት የሚሉት ወንድሞቼና እኅቶቼ ይህን ሁለተኛውን ክፍል ትተው የመጀመሪያውን ብቻ እንዳይዙ እሰጋለሁ።

ሕጋችንም ቢሆን ለመቀያየር በር አልዘጋም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ከወሰነ በኋላ፣ የሥራው ጠባይ ሲያስገድድ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን በሳምንቱ ሌሎች ቀናት ላይ ማደላደል እንደሚቻል፣ በአንዱ ቀን የሚጨመረውም ከሁለት ሰዓት መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል። አዋጁ የሚገዛው የመንግሥት ቢሮዎችን ባይሆንም፣ ሐሳቡ ከሕግ ባህላችን ውጭ እንዳልሆነ ያሳያል። የዓርቡ ረዘም ያለ የምሳ ዕረፍትም ከዚሁ የሚመደብ ነው፤ ጁምዓ የሚሰግደው ሠራተኛ ተደብቆ ሳይሆን በተጻፈ ሰዓት ወጥቶ በተጻፈ ሰዓት ይመለሳል። በቆላማ ክልሎች ያሉ ቢሮዎች ሙቀቱን እያዩ ጠዋት ቀደም ብለው መግባታቸውም የታወቀ ነው። ለሙቀት ሰዓት ከተቀየረ ለአዝመራ የማይቀየርበት ምክንያት አይታየኝም።

በእኛ አገር ቢሮው ሊከተለው የሚገባው የገበሬው ቀን መቁጠሪያ ነው። በወር 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ እርፍ አይጨበጥም፣ ማጭድም አይነሣም፤ ስለዚህ ባለጉዳዩ ወደ ከተማ የሚጎርፈው በእነዚህ ቀናት ነው። ቢሮው ግን 21 ቀንን ከ22 ለይቶ አያውቀውም፤ በአንዱ ቀን ሰው ከአጥር ውጭ እስኪተርፍ ይሰለፋል፣ በማግሥቱ ደግሞ ባለሙያው ባዶ ጠረጴዛ ይዞ ይውላል። ገበሬው የማያርስበት ቅዳሜ፣ በብዙ ቦታም የገበያ ቀን የሆነው ቅዳሜ፣ ቢሮው ጭራሽ ዝግ ነው። እህሉን ሸጦ ግብሩን ሊከፍል የሚችለው ሰው ገንዘቡን በእጁ ይዞ በተዘጋ በር ፊት ያልፋል፤ ሰኞ ለዚያው ጉዳይ እንደገና ይመለሳል። በሚካኤልና በማርያም ቀን መስክና ስብሰባ እንዳይያዝ፣ በገበያ ቅዳሜም ጠዋት ጥቂት ባለሙያዎች በተራ እንዲገቡና ያንኑ ያህል ሰዓት በሳምንቱ ውስጥ እንዲያርፉ ማድረግ አዲስ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም።

የዐቢይ ጾምም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በእነዚያ 55 ቀናት ከ6፡30 እስከ 7፡30 ያለው ዕረፍት ለብዙው ሠራተኛ የምሳ ሰዓት አይደለም፤ ጾሙን እስከ 9፡00 የሚያቆይና ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ጥቂት አይደለም፣ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ባዶ ሆኖ የሚውልበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሚጾመው ሠራተኛ ፈቅዶ ከ1፡00 እስከ 9፡00 ያለ ምሳ ዕረፍት ቢሠራ፣ የማይጾመው ባልደረባው ደግሞ እስከ 11፡30 ያለውን ቢሸፍን፣ ማለዳ የደረሰው ባለጉዳይ ማለዳ ይስተናገዳል፣ በምሳ ሰዓትም መስኮቱ አይዘጋም።

ከሁሉ በላይ ግን ልቤን የሚነካው የእናቶች ጉዳይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ሴት ሠራተኛ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ታርፋለች፤ ልጁ ሦስት ወር ሲሞላው፣ ጡት እንጂ ሌላ ነገር በማይቀምስበት ዕድሜ፣ እርስዋ ወደ ሥራ ትመለሳለች። በመንግሥት ቢሮም ያለው ነገር ብዙ የተለየ ሆኖ አላየሁትም። የሕፃናት ማቆያ ባላቸው መሥሪያ ቤቶች ነገሩ ይቀላል፤ በአብዛኛው ወረዳ ግን ማቆያ የለም። ስለዚህ እናትየው ረፋድ ላይ ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ ትታ፣ አለቃዋ እንዳያያት በጓሮ በር ወጥታ፣ ባጃጅ ይዛ ወደ ቤት ትሮጣለች። ባለጉዳዩ «የት ሄደች?» ሲል ጓደኛዋ ልትሸፍንላት «አሁን ነበረች» ትለዋለች። አንዲት እናት ልጇን ለማጥባት እንደ ጥፋተኛ መደበቅ የለባትም፤ ሽማግሌውም በውሸት ተስፋ አንድ ሰዓት መቀመጥ የለበትም። በበሩ ላይ «ከ4፡30 እስከ 5፡30 የለሁም፤ በዚህ ሰዓት ጉዳይዎን የሚፈጽምልዎ ቢሮ ቁጥር 4 ነው» ተብሎ ቢለጠፍ ሁለቱም በክብር ይኖራሉ። እርስዋም የጎደለውን ሰዓት ማለዳ ገብታ ትሞላዋለች።

ሠራተኛውን ብቻ መውቀስ እንደማይገባ አምናለሁ። ደመወዙ የኑሮ ውድነቱን አይችልም፤ የትራንስፖርት ገንዘብ አጥቶ በእግሩ የሚመጣ ባለሙያ አለ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሪፖርት ሲሠራ የሚያመሽ፣ ቅዳሜና እሑድ ለዘመቻ ሥራ ሲጠራ ያለ ምንም ማካካሻ የሚውል ብዙ ነው። ይህ ሰው ሰኞ ጠዋት ቢያረፍድ በልቡ የራሱን ሰዓት ያስመለሰ ይመስለዋል። የተሠራው ትርፍ ሰዓት ካልተጻፈ፣ የተበላው መደበኛ ሰዓትም አይጻፍም። የጣት አሻራ መሣሪያውም ይህን አይፈታውም፤ ጠዋት አሻራውን ሰጥቶ ለቁርስ የሚወጣውን ሰው «ገብቷል» ብሎ ይመዘግበዋል እንጂ መስኮቱ ክፍት መሆኑንና ማኅተሙ በቦታው መኖሩን አይናገርም። መመዝገብ ያለበት አገልግሎቱ የተጀመረበት ሰዓት ነው፤ መዝጋቢዎቹም ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ቢሆኑ እመርጣለሁ። በየቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር ለእያንዳንዱ ጉዳይ የሚፈጀውን ደቂቃ በዝርዝር ይናገራል፤ የደቂቃው ቆጠራ ከስንት ሰዓት እንደሚጀምር ግን ተጽፎበት አላየሁም።

የማኅተሙን ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ሰዓት ቢከበርም ባይከበርም፣ ማኅተምና ፊርማ በአንድ ሰው እጅ ብቻ እስካለ ድረስ የአንድ ሰው ስብሰባ የመላው ቢሮ መዘጋት ነው። ውክልና በጽሑፍ ይሰጥ፤ የተወካዩ ስምም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይታይ።

ለዚህ ሁሉ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ጤፍ የሚታጨድበት ኅዳርና ታኅሣሥ ሲደርስ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ወረዳዎች የመሬት አስተዳደርና የገቢዎች መስኮቶቻቸውን በዚህ ዓይነት የተጻፈ ፈረቃ ለሁለት ወር ቢሞክሩት፣ ስንት ባለጉዳይ በአንድ ጉዞ ጨርሶ እንደተመለሰና ስንቱ እንደገና እንደመጣ በመዝገብ ቢይዙት፣ የሚሆነውንና የማይሆነውን ከግምት ሳይሆን ከመዝገቡ እናውቀዋለን። ጋዜጣችሁም ጥያቄውን ለዞን ኃላፊዎች አቅርቦ መልሳቸውን፣ ሙከራውም ከተደረገ ውጤቱን በእነዚሁ ገጾች እንዲያሳውቀን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የደብረ ማርቆስ ነዋሪ