ልጅሽ የጠየቀችው ነገር

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹ፣ ቤቱ፣ ሥራው እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ስንት ዘመን ሆነን? በሰው በሰው ወሬሽን ስሰማ ቆይቼ፣ ሰሞኑን ድምፅሽን ስልኬ ላይ ሳገኝ የተሰማኝን ደስታ ልነግርሽ አልችልም። ደጋግሜ ሰማሁት። ሳቅሽ ያው የአራት ኪሎው ሳቅ ነው።

ልጅሽ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደረሰች ማለት ነው! ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ዳታ ሳይንስ መማር እንደምትፈልግ፣ ሒሳብ ግን ምን እንደሚሠራላት እንደማይገባት ነገርሽኝ። «አንቺ ኖረሽበታልና ንገሪያት» አልሽ። እሺ፣ እነግራታለሁ። ሙሉውን ነው ግን የምነግራት። ደስ የሚለውንም፣ የሚያማርረውንም።

ከአራት ኪሎ ስንወጣ አንቺ ለማስተማር ባሕር ዳር ገባሽ፣ እኔ ደቡብ አፍሪካ ሄድኩ። ኬፕታውን አጠገብ ሙይዘንበርግ የሚባል ሰፈር አለ፣ ውቅያኖሱ ደጃፍ ላይ። ኤይምስ የሚባለው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም በ2003 የተከፈተው እዚያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)። ሕንፃው ድሮ ሆቴል ነበር። ተማሪውም አስተማሪውም እዚያው ያድራል፣ እዚያው ይበላል። አንድ ኮርስ ሦስት ሳምንት ነው። መምህሩ ከውጭ ይመጣል፣ አብሮን ይከርማል፣ ይሄዳል። የሱዳን፣ የማዳጋስካር፣ የካሜሩን ልጆች እራት ላይ ስለ ማትሪክስ (በረድፍና በዓምድ ስለተደረደረ የቁጥር ሠንጠረዥ) ሲከራከሩ ታገኛለሽ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የተማርኩት እዚያ ነው። ጠዋት ሰሌዳ ላይ የተረጋገጠ ቲዎረም ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ማየት ሱስ ያስይዛል።

ከዚያ ጀርመን፣ ካይዘርስላውተርን። ትንሽ ከተማ ነች፣ በተግባራዊ ሒሳብ ግን ስሟ የታወቀ ነው። ዶክትሬቴን የሠራሁት እዚያ ነው፣ በጎደለ ዳታ ላይ።

ኔትፍሊክስ በ2006 አንድ ውድድር አውጥቶ ነበር። ተመልካቹ ለየትኛው ፊልም ስንት ኮከብ እንደሚሰጥ የሚገምተውን ፕሮግራሙን በ10 በመቶ ላሻሻለለት አንድ ሚሊዮን ዶላር። ሽልማቱ በ2009 ተወሰደ። ለውድድሩ የተሰጠው ሠንጠረዥ ከ480 ሺህ በላይ ተመልካችና 17,770 ፊልም ነበረው። ከመቶ ሳጥን አንዱ ገደማ ብቻ ነው የተሞላው፣ ሌላው ባዶ። ባዶውን ከተሞላው ማግኘት ይቻላል ወይ? በ2009 ካንዴስና ሬክት የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ቆንጆ ቲዎረም አወጡ። የማትሪክሱ ራንክ (አንዱ ከሌሎቹ ተደምሮ ሊገኝ የማይችል የረድፎቹ ብዛት) ዝቅተኛ ከሆነ፣ ባዶዎቹም በዘፈቀደ የተበተኑ ከሆኑ፣ ሌላም ቅድመ ሁኔታ ከተሟላ፣ ከጥቂቱ ተነስቶ ሙሉውን ልቅም አድርጎ ማውጣት ይቻላል። አንቺ ሊኒየር አልጀብራ ስለምታስተምሪ ውበቱ ይገባሻል።

እኔ ያንን ይዤ ወደ አገራችን የዝናብ መዝገብ ሄድኩ። ጣቢያው ላይ አንድ ሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት መለኪያውን አይቶ በሚሊ ሜትር ይጽፋል። በየቀኑ፣ በዓል ሳይል። የቅጾቹን ስካን አንድ በአንድ አይቻለሁ። 0.0 የተጻፈበት ቀን አለ፣ ዝናብ አልነበረም ማለት ነው። ሰረዝ ብቻ ያለበት ቀን አለ። ምንም ያልተጻፈበትም አለ። ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ሰረዙም ባዶውም ዜሮ ተብሎ የገባበት ፋይል አጋጥሞኛል። ነሐሴ መጀመሪያ፣ ደጋ ላይ፣ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ጠብ ያለ ነገር የለም! እኔና አንቺ ነሐሴን እናውቀዋለን። ፋይሉ ላይ ግን ድርቅ ነው።

ይሄ ነገር የሰው እንጀራ ላይ ይደርሳል። ትግራይ ውስጥ ዓዲ ሓ በሚባል ቦታ በ2009 የዝናብ ኢንሹራንስ ተጀምሮ ነበር። ገበሬው ካሳ ያገኝ የነበረው ማሳው ታይቶ ሳይሆን ከሳተላይት በተገኘ የዝናብ ቁጥር ነው። አብዛኛው የሳተላይት ግምት ደግሞ ዝናቡን ራሱን አያይም፣ የደመናውን ቅዝቃዜ አይቶ ነው የሚገምተው። ስለዚህ እንደ ቺርፕስ ያሉ ዳታዎች (ከ1981 ጀምሮ ያለውን ዝናብ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ለይተው የሚያሳዩ) ግምቱን በመሬት ጣቢያ ንባብ ያርሙታል። የመሬቱ ንባብ ከተበላሸ ማረሚያው ራሱ ያሳስታል።

ከዚህ የባሰው ግን ባዶዎቹ በዘፈቀደ አለመበተናቸው ነው። ዝናብ ሲበረታ ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይቆረጣል፣ ቅጹ ሳይላክ ይቀራል። ጦርነት ሲነሳ የአንድ አካባቢ ንባብ በአንዴ ይጠፋል። ቲዎረሙ የሚጠይቀው ነገር ከነአካቴው የለም ማለት ነው። ባዶውን የሚሞላው ኮድ ግን ይሄን አያውቅም። ይሮጣል፣ ሠንጠረዡን ይሞላል፣ የሚያምር ካርታ ያወጣል። ተሳስተሻል የሚል ቀይ ጽሑፍ አይመጣም። ነገሩን በሥርዓት ያስቀመጠው ሩቢን የሚባል ስታቲስቲሺያን ነው፣ በ1976። ዳታው የጠፋበት ምክንያት ከጠፋው ቁጥር ጋር ከተያያዘ ምክንያቱም አብሮ ሞዴል ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ ወዲህ የጻፍኳቸው ፔፐሮች በሙሉ ከዚህ ሐሳብ የተነሱ ናቸው።

እንግዲህ ሒሳብ ለልጅሽ የሚሠራላት ይሄንን ነው። ኮዱን ዛሬ ማንም ያገኘዋል። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ያለው ልጅ ከምሳ በኋላ ጀምሮ ሳይመሽ ያስሮጠዋል። የትኛው ቅድመ ሁኔታ እንደፈረሰ የሚያየው ግን የቲዎረሙን ማረጋገጫ በእጁ የሠራ ሰው ነው።

የሚያማርረውንም ልንገራት። የምትኖሪው በሁለት ቤት መሃል ነው። የሒሳብ ክፍል ስታመለክቺ «ቲዎረምሽ የታለ?» ይሉሻል። ኮምፒውተር ሳይንስ ስታመለክቺ «ኒውሪፕስ ላይ ስንት ፔፐር አለሽ?» ይሉሻል፣ ትልቁን የማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከዳታ እንዲማር የማድረግ) ጉባኤ ማለታቸው ነው። የሒሳብ ጆርናል አንዱን ፔፐር ዓመት አስቀምጦት ሊከርም ይችላል። የማሽን ለርኒንግ ጉባኤ በጥቂት ወራት ይወስናል። ሁለቱ ዓይነት ሰው በአንድ ኮሚቴ ሲቀመጥና ሲቪሽን ሲያይ አስቢው። ደግነቱ መሃሉ እየሰፋ ነው። ሳያም የሚባለው የተግባራዊ ሒሳብ ማኅበር በ2019 ለዳታ ሳይንስ ሒሳብ ብቻ የሆነ ጆርናል ጀምሯል።

ኮንትራቱ ደግሞ አለ። በጀርመን ሕግ በመደበኛው መንገድ ዶክትሬት ከመያዝሽ በፊት 6 ዓመት፣ ከያዝሽ በኋላ 6 ዓመት በጊዜያዊ ውል ትሠሪያለሽ። ከዚያ ቋሚ ቦታ ካላገኘሽ በአብዛኛው መውጣት ነው። በ2021 ብዙ ተመራማሪዎች «እኔ ሐና ነኝ» እያሉ ትዊተር ላይ የጮኹት በዚህ ነው (ሐና ሚኒስቴሩ ሕጉን ለማስረዳት ባወጣው ቪዲዮ ላይ ያለች የፈጠራ ተመራማሪ ነች)። ቤት ስትከራዪ፣ ቪዛ ስታሳድሺ፣ ልጅ ልውለድ ብለሽ ስታስቢ፣ ቀድሞ የሚመጣው ኮንትራቱ መቼ ያልቃል የሚለው ነው። ለሴት ይብሳል፣ ለውጭ አገር ሴት ደግሞ እጅግ ይብሳል። ከእኔ በጣም የሚበልጡ ልጆች እዚህ ላይ ሲወጡ አይቻለሁ። ባንክና ኢንሹራንስ ገብተው ደህና ይኖራሉ፣ አልፈርድባቸውም። ሥርዓቱ ግን ያሳዝነኛል፣ ሰው ከበሰለ በኋላ ነው የሚጥለው። እኔ ባለፈው ዓመት ቋሚ ሆንኩ። ለእናቴ ስነግራት በስልክ እልል አለች።

ስለዚህ ፍሬሽማን ስትጨርስ የዲፓርትመንት ምርጫዋ ላይ ሒሳብን አንደኛ ታድርገው። ሊኒየር አልጀብራንና ፕሮባቢሊቲን ለፈተና ሳይሆን ለዕድሜ ልክ ትማራቸው። ፓይተን ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ያን ያህል አያስጨንቅም። ሌላው፣ ለእኔ ስትይ በዚህ ክረምት አንድ ቀን ጠዋት የሜትሮሎጂ ጣቢያ ውሰጃት። መለኪያው ሲነበብና ቅጹ ሲሞላ ቆማ ትይ። የሚያነበውን ሰውም ሳይችል ሲቀር ምን እንደሚጽፍ ትጠይቀው። መልሱን ራሷ ትጻፍልኝ፣ እፈልገዋለሁ።

እኔም መስከረም ላይ እመጣለሁ። የዲፓርትመንታችሁን ኃላፊ ጠይቂልኝ፣ ከፈቀዱ ለማስተርስ ተማሪዎች በጎደለ ዳታ ላይ የሁለት ሳምንት አጭር ኮርስ በነፃ ልስጥ። አንቺ አብረሽኝ ብታስተምሪ ደግሞ እንዴት ደስ ይለኛል። የሰሌዳ ጽሑፍሽ ዱሮም ከእኔ ይበልጣል። የሚያመቻችሁን ሳምንት ንገሪኝና ቲኬቴን በዚያ ልቁረጥ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺው፣ የዶርምሽ ልጅ