ትንፋሽ መያዙን ከአሁኑ ይለማመዱ

ይድረስ ለአባባ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ?

«የጉበቴ ዕጢ 3 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ከታወቀ ኤምአርአዩ (በማግኔት የሚነሳው ምስል) ምን ይጨምራል?» ላሉኝ በስልክ መልሼ ስለማልጨርሰው ጻፍኩልዎ። ብዙ ይጨምራል። መጠናቸው እኩል ከሆነ ሁለት የጉበት ካንሰሮች አንዱ ባለበት ተሰብስቦ ሲቆይ፣ ሌላው ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ሾልኮ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከሕክምና በኋላ ቶሎ የሚያገረሸው በአብዛኛው እንዲህ ያለው ነው። ሾልኮ መግባቱ የሚረጋገጠው ዕጢው ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ኤምአርአይ ፍንጩን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ግን ሕክምናው ከመመረጡ በፊት ያሳያል።

ጤናማ ጉበት አብዛኛውን ደሙን የሚያገኘው ከአንጀት ከሚመጣው ደም መልስ ነው፤ ካንሰሩ ግን በደም ቅዳ ይመገባል። ኮንትራስቱ፣ ማለትም ምስሉን የሚያጎላው መድኃኒት፣ በክንድዎ ሲሰጥ ዕጢው በ30 ሰከንድ ገደማ ከዙሪያው በልጦ ይደምቃል፤ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ደግሞ ከዙሪያው ይልቅ ይደበዝዛል። ይህ ካንሰር መሆኑን በብርቱ ይጠቁማል። ጠባዩ ግን ይበልጥ የሚነበበው ጠርዙ ላይ ነው። ጠርዙ ለስላሳ ነው ወይስ ጎርባጣ? መሃሉ ፈዞ ዳሩ ብቻ ቀለበት ሠርቶ ይደምቃል? ከዕጢው ውጭ ያለው ጉበትስ አብሮት ደምቋል?

ጋዶክሴቴት የሚባለው ኮንትራስት ከተሰጠዎት በ20 ደቂቃ ላይ የሚነሳውን ምስል በተለይ ይጠይቁ። ጤናማ የጉበት ሕዋሳት መድኃኒቱን ስለሚስቡ ጉበቱ ያበራል፣ ዕጢው ይጠቁራል። ጥቁረቱ ከዕጢው ወሰን አልፎ እንደ ጥላ ከተዘረጋ ሐኪሙ ወደ ደም ሥሮቹ ሾልኮ መግባቱን መጠርጠር አለበት። ብዙ ምልክቶች አንድ ላይ ሲገኙ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ በአንዱ ብቻ ግን አይፈረድም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ያቺ የ30 ሰከንዷ ምስል ናት። ጉበት ከድያፍራም (ከመተንፈሻ ጡንቻው) ሥር ስለተቀመጠ ከትንፋሽ ጋር ይወርዳል፣ ይወጣል። ጋዶክሴቴት ራሱ አንዳንድ ሰው ላይ ለአፍታ ትንፋሽ መያዝን ያስቸግራል። ያች ቅጽበት ካመለጠች በዚያው መርፌ አትደገምም። ስለዚህ ቤት ሆነው ይለማመዱ፤ እንደ ወትሮው አየሩን ያስወጡ፣ ከዚያ እስከ 20 ሰከንድ ይያዙት፣ ሁልጊዜም እዚያው ቦታ ላይ። በረጅሙ ስበው አይያዙ፤ በየጊዜው የሚስቡት መጠን ስለሚለያይ ጉበትዎ ቦታ ይቀይራል።

ቢሊሩቢንዎ (ጉበት ከደም የሚያጣራው ቢጫ ንጥረ ነገር) ከፍ ብሎ ከሆነ ጉበቱ መድኃኒቱን በደንብ ስለማይስብ የ20 ደቂቃው ምስል ይፈዛል። እንግዲህ የቅርቡን የቢሊሩቢን፣ የኩላሊትና የአልፋ ፌቶፕሮቲን (በጉበት ካንሰር ጊዜ ደም ውስጥ ሊጨምር የሚችል ፕሮቲን) ውጤት ይዘው ይሂዱ። የፊቱን ሲቲ ስካን ከነሲዲው እንጂ ወረቀቱን ብቻ አይውሰዱ። ሰውነትዎ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ብረት ካለ ቀድመው ይንገሩ።

ምስሉን በኮምፒውተር አስልቶ በሽተኛው ምን ያህል እንደሚኖር የሚተነብይ ፕሮግራም አለ ቢሉዎት አይቸኩሉ። ቁጥሩ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ ሌላ ቦታ ባሉ በሽተኞች ላይ ካልተፈተነ ለውሳኔ አላምነውም። ቀጣዩን ለመገመት ምስሉ ብቻውን አይበቃም፤ የዕጢዎቹ ብዛት፣ የአልቡሚን (ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን) መጠን፣ ሆድ ውስጥ ውኃ መኖር አለመኖሩና የራስዎ ብርታትም ይመዘናሉ።

ጠርዙ አስጊ ከሆነ ቀዶ ሐኪሙን «ዳሩን ሰፋ አድርገው ሊቆርጡ ይችላሉ? ክትትሉስ በስንት ወሩ ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን እዚያው ያጽፉትና ይላኩልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።

ልጅዎ