ለጊታር ጭረት የጥርስ ሳሙና አትምከሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ፣ የቤት ውስጥ ብልሃቶች በሚወጡበት ዓምድ፣ ጊታሩ ለተጫረበት አንባቢ የሰጣችሁትን መልስ አነበብኩ። ጭረቱ ላይ የጥርስ ሳሙና ቀባ፣ በደረቅ ጨርቅ አጥብቀህ እሸው፣ በመጨረሻ በአልኮል ጥረገው ይላል። አራት መስመር ናት። እኔ እዚያ የተጻፈውን በሙሉ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ልጅ እያለሁ አድርጌዋለሁ። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ ለዚህ ነው።

ጊታሩ የታላቅ ወንድሜ ነበር። ለሥራ ርቆ ሲሄድ "አደራ" ብሎ ትቶልኝ ሄደ። የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር ነው። አንድ ቀን ስለማመድ፣ ክንዴ በሚያርፍበት በኩል የሸሚዜ እጅጌ ቁልፍ ጫረው። የጣት ርዝመት ያላት፣ ከፀጉር የቀጠነች መስመር ወጣች። ፊት ለፊት ሲያዩት የለችም። ወደ መስኮት ዞር ሲል ነው ብልጭ የምትለው። እንቅልፍ ነሳችኝ።

የሰማሁትን አደረግኩ። የጥርስ ሳሙናውን ቀብቼ አሸሁት። ጭረቷ የቀነሰች መሰለኝ። ሲደርቅ ግን ዙሪያው ደብዝዞ፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ ነጣ። ነጩን ለማጥፋት ጥጥ በአልኮል ነክሬ ጠረግኩት። ያኔ ነገሩ አበቃለት። ጥጡ መንሸራተቱን ትቶ ያዝ ያዝ አደረገኝ። ሳነሳው ክሮቹ እዚያው ተጣብቀው ቀሩ። ደንግጬ በአውራ ጣቴ ልለቅማቸው ብል አሻራዬ ቁልጭ ብሎ ታተመበት።

ወንድሜ ሲመለስ ጊታሩን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ብዙ ቆየ። "ምን አድርገሽው ነው?" አለኝ። ነገርኩት። "ጭረቷ ትሻል ነበር እኮ" አለና አስቀመጠው። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ጊታር ማስተማር ጀምሬ፣ የተማሪዎቼንም ጊታር መጠጋገን ስለምድ። ያ ጊታር በሼላክ የተወለወለ ነበር። ሼላክ ከላክ ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው። በአልኮል ይሟሟና በጨርቅ እየተነከረ፣ ስስ በስስ እየተደራረበ ይቀባል። በአልኮል የተቀባ ነገር በአልኮል ተመልሶ ይሟሟል። እኔ እየጠረግኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየላጥኩት ነው። በነገራችን ላይ የእጅ ሳኒታይዘርም ያው አልኮል ነው። ተማሪዎቼ እጃቸው ሳይደርቅ ጊታር እንዲያነሱ አልፈቅድም።

ስለዚህ "ጭረቱን በምን ላጥፋው?" ከማለት በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ጊታሩ የተቀባው ምንድን ነው? በእጅ የተሠሩ ብዙ ክላሲካል ጊታሮች ሼላክ ናቸው። ናይትሮሴሉሎስ ላከር የሚባለው የቫርኒሽ ዓይነት ደግሞ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመኪናም ለጊታርም ሲቀባ የኖረ ነው። እሱም ለስለስ ያለ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ የሚገኘው አሴቶን ያሟሟዋል፣ የአንዳንድ ጊታር ማስቀመጫ ጎማ እንኳ ሲነካው ይቆይና ምልክት ይተውበታል። ዛሬ በፋብሪካ የሚመረቱት አብዛኞቹ ፖሊዩረቴን ወይም ፖሊስተር የሚባል ፕላስቲክ መሰል ሽፋን የተቀቡ ናቸው፤ እነዚህ ጠንከር ይላሉ። የማያብረቀርቁም አሉ። ዓምዳችሁ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል "ጊታር" ብሎ አለፈው።

ሁለተኛው ነገር፣ ጭረት ሲጠፋ አይሞላም። ጭረት የሚታየው ብርሃን ጠርዙ ላይ ሲያርፍ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚበተን ነው። በመወልወያ ስናሸው ጠርዙን እናለሰልሳለን፣ ዙሪያውንም እስከ ጭረቱ ወለል ዝቅ እናደርጋለን። ማለትም ቫርኒሹን እየቀነስን ነው። በጥሩ ጊታር ላይ ያለው ላከር ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው፤ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ከዚያ ላይ ስንት ጊዜ መቀነስ ይቻላል? የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ዱቄት ደግሞ የተዘጋጀው ለጥርስ ነው። የጥርስ የላይኛው ሽፋን በሰው አካል ውስጥ ካለው ሁሉ ጠንካራው ነገር ነው። ለእሱ የሚመጥነውን ለላከር ስጡት ማለት አይገባኝም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በቅርቡ የሠራሁትን ልንገራችሁ። አንድ የ14 ዓመት ተማሪዬ ጊታሩን ይዞ መጣ። ጀርባው በቀበቶ ዘለበት ተጫጭሯል። እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፉ ስስ ጭረቶች ናቸው። ጊታሩ ፖሊስተር የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። መጀመሪያ ጥፍሬን በጭረቶቹ ላይ አቋርጬ በቀስታ አንሸራተትኩ። ጥፍር ካልያዘ ጭረቱ ከላይ ከላይ ነው፣ ይወለወላል። ከያዘ ጥልቅ ነውና በመወልወል አይወጣም። ሁለት ቦታ ላይ ያዘኝ። "እነዚህን አንነካቸውም" አልኩት።

ከዚያ ማጽዳት ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይሄ ነው። ጊታሩ ላይ ያለው አቧራ ራሱ ጭረት ያወጣል። አቧራ ባለበት አጥብቆ ማሸት ማለት በአሸዋ ማሸት ነው። "በደረቅ ጨርቅ አጥብቀህ" የሚለው ምክራችሁ የከፋብኝ ለዚህ ነው። እኔ አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ሳልጫን አነሳሁ። ቀጥሎ አፌን ከፍቼ ተነፈስኩበት፤ ጉም ሲለብስ ሳይደርቅ ጠረግኩት። ላብና ቅባት በዚህ ይለቃል። እልህ ለያዘው ቆሻሻ ማይክሮፋይበር ጨርቅ በውኃ አርሶ ጭምቅ አድርጎ መጥረግ ይበቃል።

ከዚያ ለጊታር የተሠራ፣ ሲሊኮን የሌለበት ደቃቅ መወልወያ ክሬም ወሰድኩ። ሲሊኮን ያለው የዕቃ መወልወያ ለጊዜው ያሳምራል። ወደፊት ጊታሩ ቀለም ይታደስ ሲባል ግን አዲሱ ላከር እሱ ባለበት አይያዝም፣ እየሸሸ ጉድጓድ ጉድጓድ ያወጣል። ክሬሙን ጊታሩ ላይ አላፈሰስኩም። ትንሽ ጠብታ ጨርቁ ላይ አድርጌ በማይታይ ጥግ ሞከርኩት። ጨርቁ ላይ የጊታሩ ቀለም አልወጣም፤ ቦታውም አልለሰለሰም፣ አልደበዘዘም። ያኔ ነው ወደ ጭረቶቹ የሄድኩት። በክብ በክብ፣ በእጅ፣ አንድ ደቂቃ ያህል። ማሽን አልወድም። ማሽን ሙቀት ያመጣል፣ ሙቀት ቫርኒሽ ያለሰልሳል። የጊታሩ ጠርዝ ላይ ደግሞ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ሳይታሰብ እንጨቱ ብቅ ይላል።

ጠረግኩና የስልኬን ባትሪ አብርቼ ከጎን በኩል ጀርባው ላይ አጋደምኩት። በእንዲህ ያለ ብርሃን ምንም የሚደበቅ የለም። ድሩ ሳስቷል። ደገምኩ። በሦስተኛው አብዛኛው ጠፋ። ልጁ "አንዴ እንጨምር፣ ያቺ አለች" እያለ ያሳየኝ ነበር። እዚህ ጋ ነው መቆም የሚከብደው። አቆምኩ። ሁለቱ ጥልቅ ጭረቶችና ጥቂት ስስ መስመሮች እዚያው አሉ። ቀበቶውን ግን ሲለማመድ ዘለበቱን ወደ ጎን አዙሮ ያስራል።

በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያራሱ ማሸትም አለ። ባለሙያዎች ያደርጉታል። ለጀማሪ በጋዜጣ አልመክረውም። ጊታሩ የማያብረቀርቅ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትወልውሉት። ጭረቱ ይጠፋና በቦታው የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ይቀራል፤ እሱን ደግሞ መልሶ ማደብዘዝ ከባድ ነው። ሼላክ ከሆነም የሚያውቅ ሰው እጅ ይግባ። የሚያውቅ ሰው ያው ሼላክ ላይ አዲስ ስስ ሽፋን ደርቦ ከአሮጌው ጋር ያዋህደዋል።

የምጠይቃችሁ በሚቀጥለው እትም፣ በዚያው ዓምድ፣ በዚያው መጠን ማስተካከያ እንድታወጡ ነው። ሁሉንም ለማተም ቦታ ከጠበባችሁ ቢያንስ አልኮሉን አንሱት።

ለጠየቀው አንባቢ ደግሞ፦ የጥርስ ሳሙናውን ቀብተኸው ከሆነ አትደንግጥ። ጭምቅ ባለ እርጥብ ጨርቅ ሳትጫን ጥረገውና ወዲያው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አድርቀው። ውኃ በድምፁ ቀዳዳና በብሪጁ (ክሮቹ ጊታሩ ፊት ላይ በሚታሰሩበት እንጨት) ዙሪያ እንዳይገባ ተጠንቀቅ። ደብዝዞ ከቀረ ይቅር፣ ምን እንደተቀባ እስክታውቅ ተወው። አልኮሉን ግን አትንካው።

አክባሪያችሁ፣
የጊታር አስተማሪ