የቴክኖሎጂ ክበብ፦ ስስ ዕቃን በፍጥነት የመመርመር ዓመት

የዘንድሮው የክበባችን ሥራ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የተካሄደ ነው፦ ከላሜራ፣ ከጎማና ከፕላስቲክ በብዛት ተቆርጠው የሚወጡ ስስና ጠፍጣፋ ዕቃዎች ልካቸውን መጠበቃቸውን በፍጥነት ለማረጋገጥ የትኛው መንገድ ይሻላል? ክበብ ሲባል ብዙ ሰው የሚጠብቀው ሮቦት ነው። አባላቱ ይህን ርእስ መምረጣቸው ግን እጅግ አስደስቶኛል፤ ሮቦቱም ቢሆን የሚቆመው ልካቸውን በጠበቁ ትንንሽ ክፍሎች ነውና።

መጀመሪያ የሁሉም እጅ የሄደው ዕቃውን በሁለት መንጋጋ መካከል ይዞ ወደሚለካው መሣሪያ፣ ወደ ካሊፐር ነበር። ለብረት ሮንዴላ ጥሩ ነው። የጎማ ጋስኬት (በሁለት ክፍሎች መገጣጠሚያ መካከል ገብቶ ፍሳሽ የሚከለክል ስስ ማተሚያ) ግን መንጋጋው ሲጠጋው ይጨመቃል፤ የሚነበበው ቁጥር የለኪውን የጣት ጉልበት ጭምር ይይዛል። አንዱ የሌላውን ውጤት ሳያይ ያንኑ ዕቃ ደጋግመው እንዲለኩ አደረግን፤ በብረቱ የተስማሙት ልጆች በጎማው ተለያዩ። ላሜራም የራሱ ጣጣ አለው። ሲቆረጥ በአንድ ፊቱ ጠርዝ ላይ ሹል ትርፍ ብረት ይቀራል፤ መንጋጋው እዚያ ላይ ካረፈ ዕቃው ከእውነተኛ ልኩ የሰፋ ይመስላል።

ከዚህ በኋላ ሳይነኩ ወደ መለካት ዞርን፤ የዓመቱን ትልቁን ጊዜ የወሰደውም ይህ ነው። ተራ የቢሮ ስካነር ብዙ ዕቃዎችን በአንድ ጊዜ ያነሳል። በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ ሲያነብ አንዱ የምስል ነጥብ (ፒክስል) 0.021 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ያጓጓል፤ ነገር ግን የፒክስል መጠን የልኬት ትክክለኛነት ማለት አይደለም። በስካነሩ አግድም ያለውን ልክ የሚወስነው የብርሃን ተቀባዩ ሲሆን ቁመቱን የሚወስነው የሞተሩ ጉዞ ነው፤ ሁለቱ እኩል ላይሳሳቱ ይችላሉ። ስለዚህ አባላቱ ልኩ የታወቀ የብረት ማስመሪያ በሁለቱም አቅጣጫ እያነሱ ማስተካከያ ሠሩ። የሚያብረቀርቀው ብረት ከነጩ ክዳን ጋር እየተመሳሰለ ጠርዙ ሲጠፋባቸውም ከላዩ ጥቁር ወረቀት አለበሱት። ዘዴው ለስስ ዕቃ የሚመቸው የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ በአንድ ከፍታ ላይ ያሉ ያህል ስለሚቀራረቡ ነው፤ ዕቃው ሲወፍር የጎኑ ግድግዳ ምስሉ ውስጥ እየገባ ጠርዙን ያደበዝዛል።

ቀዳዳን በተመለከተ ከሁሉ ፈጣን ሆኖ ያገኘነው የ«ይገባል፣ አይገባም» መለኪያ ነው፦ አንዱ ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ መግባት፣ ሌላው ጫፉ ግን አለመግባት ያለበት ዘንግ፤ ቁጥር ማንበብ እንኳ አይጠይቅም። እንግሊዛዊው ዊልያም ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1905 ያስቀመጠውን መርህ እዚህ ላይ አጠናን፦ «የሚገባው» ወገን ሙሉውን ቅርጽ በአንድ ጊዜ ይፈትናል፤ «የማይገባው» ግን እያንዳንዱን ልክ ለየብቻ ማየት አለበት። ምክንያቱ የገባቸው ሞላላ ቀዳዳ ሲሞክሩ ነው። ክቡን «አይገባም» ዘንግ ጠባቡ ወገን አገደው፤ ቀዳዳው ግን በሰፊው ወገን ከልክ አልፎ ነበር። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የተነሣው ክርክር ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ትምህርት ነው።

ምርጫው የተቃናልን «የትኛው መሣሪያ ይበልጣል?» የሚለውን ትተን «ዕቃው ሥራውን የሚሠራው በየትኛው ጠርዙ ነው?» ብለን ስንጠይቅ ነው። ለጋስኬት ወሳኙ የብሎን ቀዳዳዎቹ አቀማመጥና የማተሚያው ቀለበት ስፋት ነው፤ የውጭ ጠርዙ ትንሽ ቢዛባ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። የሚፈቀደው ልዩነት በሁለቱም ወገን 0.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የመለኪያው ስሕተት ከዚያ አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ የሚመክረውን የተለመደ ደንብ ተከተልን። ስለዚህ አባላቱ ለቅርጽ ስካነር፣ ለቀዳዳ ዘንግ፣ ለውፍረት ማይክሮሜትር (ጥቃቅን ልክን የሚያነብ የእጅ መለኪያ) መደቡ። ስካነር ውፍረትን ጨርሶ አያይም።

የቀረው ዝርግነት ነው። የጎበጠ ላሜራ የስካነሩ ክዳን ሲጫነው ቀጥ ያለ ይመስላል፤ እዚህ ላይ ምስሉን ማመን አይቻልም። የሚቀጥለው ዓመት አባላት ዕቃውን ሳይጫኑ በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከሥሩ የሚያልፈውን ክፍተት ውፍረታቸው በታወቀ ስስ የብረት ቅጠሎች በመፈተሽ ይጀምራሉ። ምዝገባው ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት በወርክሾፑ ይካሄዳል፤ ከዚህ በፊት መለኪያ ጨብጦ የማያውቅ ተማሪም መመዝገብ ይችላል።