ደብዳቤ ለልጄ፦ "እናንተ እኮ ፒዩሪታን ናችሁ" ላልሽኝ

የኔ ልጅ ሚሚዬ እንደምን ሰነበትሽ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል። ይሄን ነገር በቴክስት ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት፣ በስልክ ደግሞ እኔና አንቺ ገና ሃሎ ስንባባል ድምፃችን ከፍ ይላል፣ ስለዚህ በደብዳቤ ይሁን አልኩ፣ ከረዘመብሽ እያረፍሽ አንብቢው።

ያን ቀን ስትወጪ በሩ ላይ ዞር ብለሽ "እናንተ እኮ ፒዩሪታን ናችሁ" አልሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስድብ መሆኑ ገባኝ እንጂ ትርጉሙ አልገባኝም ነበር። ይኸው ስንት ዓመት ቦስተን ኖሬ፣ የምሰራበት ፓርኪንግ ደግሞ ከኦልድ ሳውዝ ሚቲንግ ሃውስ (የድሮ ፒዩሪታኖች የጸሎት ቤት) ብዙም አይርቅም፣ ያ በቀይ ጡብ የተሰራው ባለ ረጅም ማማ፣ ቱሪስት የት ነው ሲለኝ በእጄ እጠቁማለሁ እንጂ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም። አንቺ ከሄድሽ በኋላ አልጋሽ ስር የተውሽውን የሃይስኩል ታሪክ መጽሐፍ አወጣሁና የማታ ሺፍት ላይ ቡዝ ውስጥ ማንበብ ጀመርኩ፣ ከዛ ላይብረሪ፣ ከዛ ቲኬት ቆርጬ ገባሁ። ልጄ የሰደበችኝን ለማወቅ ብር ከፈልኩ ማለት ነው ሃሃ።

መጀመሪያ የገረመኝ ፒዩሪታኖቹ ህንፃውን ቤተክርስቲያን አይሉትም፣ ቤተክርስቲያን ማለት ሰዉ ነው ብለው "የስብሰባ ቤት" ነው የሚሉት። መስቀል የለም፣ ስዕል የለም፣ ዕጣን የለም። የእንግሊዝ ቤተክርስቲያን ከሮም ከተለየች በኋላም ገና አልጠራችም እናጥራት ያሉ ሰዎች ናቸው፣ ንጉሡና ጳጳሳቱ ሲያስጨንቋቸው በ1630 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ) በጆን ዊንትሮፕ መሪነት ባህር ተሻግረው ቦስተንን ቆረቆሩ። ጳጳስ አያዛቸውም፣ ቄሱን ምእመኑ ራሱ ይመርጠዋል። ገናን አያከብሩም፣ እንዲያውም ከ1659 እስከ 1681 ገናን ያከበረ አምስት ሽልንግ ይቀጣ ነበር፣ ይሄን ለእናትሽ ስነግራት "ታዲያ ምኑን ክርስቲያን ሆኑት" ብላ አማተበች። ጾም ግን ነበራቸው፣ እንደኛ በካላንደር የታወቀ ሳይሆን ድርቅ ወይ ጦርነት ወይ በሽታ ሲመጣ የሚታወጅ።

እሁድ ጠዋትም ከሰዓትም ይገባሉ፣ ስብከቱ በአሸዋ ሰዓት ይለካል፣ ወንዱ በአንድ በኩል ሴቱ በሌላ በኩል (ይሄ እንኳን የኛው ነው)፣ መቀመጫው በማዕረግ የተደለደለ፣ የሚያንቀላፋውን በዘንግ የሚነካ ሰው ሳይቀር ተሹሟል። እሳት የሚባል ነገር የለም። ሳሙኤል ሱወል የሚባል የቦስተን ሰው ነበር፣ ዕለት ዕለት የሚጽፈው ማስታወሻ አለው፣ በጃንዋሪ 1686 አንድ እሁድ ከብርዱ የተነሳ የቁርባኑ ኅብስት በረዶ ሆኖ ሲቆረስ ሳህኑ ላይ እየተንቀጫቀጨ ይወድቅ ነበር ብሎ ጽፏል። ይቺን ሳነብ እግሬ ስር ያለችውን ሂተር አየኋትና አፈርኩ።

ከተማው ሁሉ በዛ ቤት ዙሪያ ነው የሚዞረው። ከ1631 ጀምሮ የቤተክርስቲያን አባል ያልሆነ ወንድ ድምፅ አይሰጥም (ሴትማ ከነጭራሹ)። ግን ደግሞ በ1636 ሃርቫርድን ያቆሙት እነሱ ናቸው፣ ሰባኪ እንዳያልቅብን ብለው፣ በ1647 ደግሞ 50 አባወራ ያለው መንደር ሁሉ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር ሰው ይቅጠር ብለው ህግ አወጡ፣ ልጁ መጽሐፍ ቅዱሱን ራሱ አንብቦ ሰይጣን እንዳያታልለው። ይሄን አልንቅባቸውም።

አሁን እኔን የያዘኝን ስሚ። አባል ለመሆን መጠመቅ ብቻ አይበቃም። ጉባኤው ፊት ቆመሽ የእግዚአብሔር ጸጋ እንዴት እንደነካሽ፣ እንዴት እንደወደቅሽ እንዴት እንደተነሳሽ ትናገሪያለሽ፣ እነሱ ሰምተው ይቀበሉሻል ወይ አይቀበሉሽም። ባህር ያቋረጡት ሰዎች የሚያወሩት ሞልቷቸዋል፣ ስደት አለ፣ ማዕበል አለ፣ የሞተባቸው አለ። እዚህ የተወለዱት ልጆችስ? ደህና ልጆች ናቸው፣ ይጸልያሉ፣ ግን ያ ታሪክ የላቸውም፣ ቆመው ምን ይበሉ? ስለዚህ አባል የማይሆኑት በዙ፣ የእነሱም ልጆች ሳይጠመቁ ሊቀሩ ሆነ፣ አባቶቹ ጨነቃቸው፣ በ1662 ተሰብስበው ግማሽ መንገድ አበጁ፣ ልጆቻችሁን አስጠምቁ እናንተ ግን አትቆርቡም አይነት ነገር። ሚሚዬ ይሄን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እኛ ሱዳንን በእግር አቋርጠን ካርቱም ስደተኛ ሆነን እመቤቴን ስንጠራ የመጣ እምነት ነው ያለን፣ አንቺ እዚህ ተወልደሽ በስኩል ባስ ነው ያደግሽው፣ እኔ ግን አንቺም የኔን ለቅሶ እንድታለቅሺ ፈልጌ ነበር። ግማሽ መንገድ እንኳን አላበጀሁልሽም።

ሌላው ነገር መጠባበቅ ነው። ማን እንደዳነ እግዚአብሔር አስቀድሞ ወስኗል ይላሉ፣ ማንም ደግሞ ራሱን እርግጠኛ አድርጎ አያውቅም፣ ስለዚህ ራሱንም ጎረቤቱንም ሲጠብቅ ይኖራል፣ ቃል ኪዳን ገብተናል፣ ያንዱ ኃጢአት መቅሰፍቱ ለሁላችን ነው ይላሉ። መጠበቅ ደግሞ እንደምታውቂው በኛም ቋንቋ እረኛም ይጠብቃል ዘበኛም ይጠብቃል። አን ሃቺንሰን የምትባል ሴት ቤቷ ሰው ሰብስባ ስብከቱን ስታብራራ፣ ሰባኪዎቹን ስትተች፣ በ1637 ከሰሷት፣ በ1638 ቤተክርስቲያኑ አወገዛት። ተወግዛ ስትወጣ ሜሪ ዳየር የምትባል ሴት ከመቀመጫዋ ተነስታ አብራት ወጣች። ያቺን ሜሪ ኋላ በ1660 ኩዌከር (የሌላ የክርስትና ወገን) ሆነች ብለው ሰቀሏት። ዛሬ የሁለቱም ሐውልት ስቴት ሃውስ ግቢ አለ፣ ሄጄ አየሁት።

ካንቺ ጋር ግን ማንም ተነስቶ አልወጣም። ያን ቀን የማርያም ማህበር እኛ ቤት ነበር፣ አንዷ ከጴንጤዎች ቸርች ስትወጣ አየኋት ብላ አውርታ ኖሮ ነገሩ በዙሪያ ዞሮ ከኔ ጆሮ ገባ፣ እኔም ጓደኛሽ ኳየር ስትዘምር ልታያት እንደሄድሽ እንኳን ሳልጠይቅሽ፣ የቡና ትሪ ይዘሽ ስትገቢ ሰው ፊት አቁሜ "የት ነበርሽ ንገሪያቸው" አልኩሽ። ሲኒዎቹ ትሪው ላይ ሲንቀጫቀጩ እስከዛሬ ይሰማኛል። እናትሽ ተነስታ ትሪውን ተቀበለችሽ፣ እኔ ግን ከወንበሬ አልተንቀሳቀስኩም፣ የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ፣ ሰው ምን ይላል ብዬ።

ያ ሱወል የነገርኩሽ ሰውዬ ደግሞ በ1692 የሴለም ከተማን የጥንቆላ ክስ ከዳኙት ዘጠኝ ዳኞች አንዱ ነበር። ጠንቋይ ናችሁ ተብለው 19 ሰው ተሰቀለ፣ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ እየተጫነበት ሞተ። ርብቃ ነርስ የምትባል የ71 ዓመት አሮጊት ጁሪዎቹ (ከህዝቡ የተመረጡት ፈራጆች) መጀመሪያ ነፃ ናት ብለዋት ነበር፣ ደግማችሁ እዩት ሲባሉ ለወጡት፣ ቤተክርስቲያኗም አውግዛት ተሰቀለች፣ ውግዘቱ የተነሳው በ1712 ነው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሞተች በኋላ። ለማን እንደሆነ እንጃ።

ሱወል ግን ያን ያህል አልቆየም። በዲሴምበር 1696 ትንሿ ልጁ ሳራ በሞተችበት ሰሞን ሌላው ልጁ ማቴዎስ 12ን በላቲን እያነበበለት "ምሕረትን እወዳለሁ መሥዋዕትንም አይደለም ያለው ምን እንደ ሆነ ብታውቁስ ኃጢአት የሌለባቸውን ባልኰነናችሁም ነበር" የሚለው ጋ ሲደርስ ሴለም ትዝ አለችው። በጃንዋሪ 14፣ 1697 ለሴለም ጥፋት የጾም ቀን ታውጆ ሰው ሁሉ እዛው ኦልድ ሳውዝ ተሰብስቦ ሳለ የጻፈውን ወረቀት ለሰባኪው ሰጠው፣ ሰባኪው ሲያነብ ሱወል ከመቀመጫው ተነስቶ ቆመ፣ ጥፋቱም ሐፍረቱም በኔ ላይ ይሁን የሚል ነው፣ ሲያልቅ ጎንበስ ብሎ ተቀመጠ። የዳኞቹ አለቃ ግን እስኪሞት ይቅርታ አላለም። ያኔ የነበረው ህንፃ እንጨት ነበር፣ የአሁኑ በ1729 እዛው ቦታ ላይ የተሰራ ነው፣ እኔም ውስጡ ቆሜ ምን አሰብኩ መሰለሽ፣ እኛ ጋ ንስሐ ለነፍስ አባት ብቻ ነው በጆሮ፣ ጥሩ ነው፣ እኔም ለአባ ነግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ። አንቺን ግን ያዋረድኩሽ በጆሮ አልነበረም።

ባለፈው 21 ማህበሩ ተራው ደርሶ እኛ ቤት ሆነ። ጸበል ጻዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ወረቀት አውጥቼ ቆምኩ፣ ምላሴን ስለማላምነው ጽፌው ነበር፣ ሁለት መስመር ናት፣ "ልጄን ባላጠፋችው ጥፋት እናንተ ፊት አቁሜ አስለቅሻታለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ትላለች። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዱ "ኧረ ያለፈ ነገር ለምን ይነሳል" ብሎ ወደ ዳቦው እጁን ሰደደ። ያቺ ያወራችው ሴትዮ ደግሞ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ቡናዋን ሳትጨርስ ሄደች፣ ክፉም ደግም አላለችም። እናትሽ ማድ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ቆየች።

ወረቀቷን እዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሻለሁ፣ አንዱ ጥግ ላይ ያለው ቡና ነው። ለፋሲካ መምጣት አለመምጣትሽን አልጠይቅሽም፣ ከመጣሽ ግን ከኤርፖርት የምወስድሽ እኔ ነኝ፣ ሺፍት እቀይራለሁ። እናትሽ በርበሬና ሽሮ ሰኞ ዕለት ፖስታ ቤት አስገብታለች፣ ከላይ ያለችውን ትንሿን ፌስታል ስትፈቺ ዓይንሽን ጠብቂ፣ ሚጥሚጣ ነው።

አባትሽ